ቁልፉን ልቀቂና ስሚኝ

አክ-ጂልጋ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2011

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእህቴ ለቺናራ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናሽን ነገር እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሻል? የሳይቤሪያ ብርድ አጥንትሽ ውስጥ አልገባም ወይ? እኛ አላህ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። ከቤት ሰው፣ ከበረት ከብት አልጎደለብንም። አንቺንም በሰው አገር ከሰው ፊት መወደድን ይስጥሽ፤ ክፉ አለቃና ክፉ ጎረቤት ከደጅሽ ያርቅልሽ።

"ታላቅ እህቴ ሳይራ ኤጄ ያለ ጉዳይ አትጽፍም" ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ጉዳይ አለኝ።

የከሰሉ ማዕድን ከተዘጋ ወዲህ መንደራችን ምን መስሎ እንደነበር ታውቂያለሽ። ግማሹ ሰው ወደ ካራኮል ከተማ፣ ግማሹ እንዳንቺ ወደ ሩሲያ ፈለሰ። አሁን ደግሞ ማን ያስበው ነበር፣ ፈረንጆች በረዶ ፍለጋ ይጎርፉብናል። ሁለት እግራቸውን አንድ ሳንቃ ላይ አስረው ከተራራው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። እነሱ ስኖውቦርድ ይሉታል፤ እኛ ያው ሳንቃ እንለዋለን። ሽማግሌው ካሲም መጀመሪያ ያያቸው ዕለት፣ እነዚህ ሰዎች አገራቸው መንገድ የላቸውም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዛሬ ራሱ ካሲም ነው በአሮጌው የማዕድን ባለሰንሰለት መኪና ጭኖ ጫፉ ላይ የሚያደርሳቸው። ልጄ ሳማት እየመራ ያወርዳቸዋል፤ እኔ ቤቴ አሳድራቸዋለሁ።

አምና የበረዶው ወቅት ሊያልቅ ሲል ሁለት እንግዶች ከሳማት ተነጥለው ወደ ሌላው ሸለቆ ወረዱ። ልጄ ሲጣራ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ ገባ። ሰዎቹ በኋላ እረኞች ትተውት በሄዱት ባዶ ቤት ውስጥ ደህና ሆነው ተገኙ። እኔ ግን ያን ዕለት ያረጀሁትን ማንም አይመልስልኝም። ስልክ እንደሆነ የመቃብሩ ኮረብታ ላይ ካልወጡ አይሠራም።

አንቺ ያለሽበት ሱቅ የአዳኝና የዓሣ አጥማጅ ዕቃ ይሸጣል አሉ። በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሬዲዮ ካለ ሦስት ላኪልን። አንዱ ለሳማት፣ አንዱ ለካሲም መኪና፣ አንዱ ለእኔ ወጥ ቤት።

አደራ ብለሽ የተውሽልኝ ልጅሽ ኡልጃን ደህና ናት። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስታያት ደስ ትላለች። የኡልጃንን የነርስነት ትምህርት ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ደብዳቤውን የሚወስደው ሹፌር በሬ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋብኛል።

ክፉ አይንካሽ።
ሳይራ


ኖቮሲቢርስክ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2011

ለተከበሩት ለታላቅ እህቴ ለሳይራ ኤጄ፣

ዕድሜዎ ይርዘም፤ ምድጃዎ አይጥፋ፤ ደጅዎ እንግዳ አይጣ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ።

ሦስቱን ሬዲዮዎች ወደ ካራኮል በምትመለስ ሴት እጅ ልኬያለሁ። ባለሱቁ ያሳየኝን እጽፍልዎታለሁ። ቁልፉን ተጭነው ትንፋሽ ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ ይናገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። ሲጨርሱ ቁልፉን ይልቀቁ። እንደተጫኑ ከቆዩ እርስዎም አይሰሙ፣ ሌላውም መናገር አይችል። ብርድ ባትሪውን ይገድለዋል፤ ውጭ የሚውል ሰው ካፖርቱ ሥር ይያዘው። ተራራ መካከል ከገባ ድምፅ አያልፍምና፣ የእርስዎን ወደ ደኑ በሚያየው መስኮት ላይ ያድርጉት።

ኤጄ፣ ስለ ጥጃዋ በደንብ ጽፈውልኛል። ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳላት ሳይቀር አውቄያለሁ። ስለ ልጄ ግን ያገኘሁት "ደህና ናት" የሚል ብቻ ነው። በመከር ትምህርት ትጀምራለች ብለውኝ ነበር፤ መከሩ አለፈ።

እዚህ ዳቦ ቤት የከፈተች የአገራችን ሴት አለች። ለኡልጃን ቦታ ይዛልኛለች። በረዶው ሲቀልጥ ላስመጣት አስቤያለሁ። እስከዚያ ግን ቀኑን በምን እንደምታሳልፈው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእሷ በቀር ማንም እንደሌለኝ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አክባሪ ታናሽ እህትዎ
ቺናራ


አክ-ጂልጋ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2012

ለእህቴ ለቺናራ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አየሽ። እጅሽ ይባረክ፤ የላክሽው ዕቃ ሳይሰበር ደርሷል። አንቺ ሩቅ ሆነሽ የጠቀምሽንን ያህል ቅርብ ያለ ዘመድ አልጠቀመንም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ሬዲዮው በደረሰ ሰሞን ካሲም የራሱን ኋላ ኪሱ ከትቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠበት። ቁልፉ ተጫነ፤ እሱ አያውቅም። አጠገቡ ላለው ሰው ስለ አማቱ ያወራል። ሴትየዋ ቤቴ ከገባች ወዲህ ድመቷ እንኳ ጥላን ሄደች ይላል። አማቱ ደግሞ ያን ሰዓት እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። እንዳላስቆመው፣ እሱ ቁልፉን ካልለቀቀ የእኔ ድምፅ አይደርሰውም። እንዳልዘጋው፣ የልጄ ድምፅ ይመጣ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አሮጊቷ ስኒዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ማታ ቤት ሲገባ "ድመቷን ፈልገህ አምጣ" ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲህ ካሲም ሬዲዮውን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው።

ቀልዱ ይብቃን። በእነዚህ ሬዲዮዎች ልቤ አርፏል። ሳማት ከላይ ሊወርዱ ሲሉ ይነግረኛል፣ ግርጌ ሲደርሱ ይነግረኛል፤ እኔም ሾርባውን በዚያ ልክ እጥዳለሁ። አሁን አራተኛ ብታገኚልን ጥሩ ነበር። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማይክሮፎን ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ እጅ ሲያዝ ያስቸግራልና። ደግሞ ጓንት፣ ወፍራም፣ ትንሽ ልክ፤ የሴት ቢሆን ጥሩ ነው። የበረዶ መነጽርም አንድ። ለእንግዶች ነው፤ ሁልጊዜ ረስተው ይመጣሉ።

ስለ ኡልጃን ጠይቀሽኛል። ማልዳ ትነሳለች፣ ትሠራለች፣ ማታ ደክሟት ትተኛለች። ምግብ እንደ ወንድ ነው የምትበላው። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ዓይኗ ዙሪያ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ጉጉት መሰልሽ እያልን እንስቅባታለን። ስለ ዳቦ ቤቱ ነግሬያታለሁ። ሰማችኝና ባልዲዋን አንስታ ወጣች። ልጅ እንዲህ ሲያደርግ ምን እንደሚያስብ መቼስ አንቺም እናት ነሽ፣ ታውቂያለሽ።

አላህ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ።
ሳይራ


ኖቮሲቢርስክ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2012

ለተከበሩት ለሳይራ ኤጄ፣

ጤናና ሰላም ከእርስዎ አይለይ። የካሲምን ነገር ለሱቁ ሠራተኞች ነገርኳቸው፤ አሁን ሬዲዮ የሚገዛ ሁሉ ይሰማታል።

አራተኛውን ሬዲዮ ባለማይክሮፎኑን፣ መነጽሩን፣ ጓንቱንም ልኬያለሁ። የሳማት እጅ አካፋ ያህል እንደነበረ ትዝ ይለኛልና ለእሱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ለእንግዶች ነው ብለዋል። ይሁን። ትንሽ ልክ ያሉኝን፣ ሌላ የማውቀው ልክ ስለሌለኝ የልጄን እጅ እያሰብኩ መረጥኩት። የምትለብሰው ሴት ይሙቃት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ይህን ሬዲዮ የምትይዘው እንግዳ የጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳትከተው ይንገሩልኝ። ደረቷ ላይ ትሰረው፤ ማይክሮፎኑም ከአገጯ አይራቅ። ሰው ሲወድቅ ጀርባው ላይ ያለ ነገር ሩቅ አገር ነው። ከተቻለም በየጊዜው ድምፅዋን ታሰማ። መስኮት ሥር ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው "ደርሻለሁ" የምትል አንዲት ቃል ቀላል አይደለችም።

የዳቦ ቤቱ ቦታ እስከ ጸደይ ይጠብቃል። እኔ በዚህ ወር እንቅልፍ ትንሽ አስቸግሮኛል። ሥራ በዝቶ ነው።

ታናሽዎ
ቺናራ


ኖቮሲቢርስክ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2012

ሳይራ ኤጄ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። ዛሬ ከካራኮል የደረሰ ሰው ሱቅ መጥቶ፣ አክ-ጂልጋ ላይ አንዲት ልጃገረድ በረዶ ውጧታል አለ። የማን ልጅ አልኩት። አላውቅም አለ። ወጣች ወይ አልኩት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በናዳ ተዘግቷል፣ ሰው አልወጣም፣ ወሬም የለም አለ።

የማውቀው የካራኮል ስልክ ሁሉ ጋ ደወልኩ። ሁሉም ሰምቷል፤ የሚያውቅ ግን የለም።

ስለ ትምህርት አልጠይቅም። ስለ ዳቦ ቤት አልጠይቅም። ማን ምን እንደደበቀኝም አልጠይቅም። እሷ ከሆነች እሷ ናት ብለው ይጻፉ። ካልሆነችም አይደለችም ይበሉ። መንገዱ ተከፍቶ በመጀመሪያ የሚወጣው ሰው ይዞ ይውጣ።

ቺናራ


አክ-ጂልጋ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012

ቺናራ፣ ልጅሽ ደህና ናት። ይህን አስቀደምኩ። ሌላውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

መንገዱ ተዘግቷል፣ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ይሠራ የነበረው ስልክም ከናዳው ወዲህ ጠፍቷል፤ ይህን ደብዳቤ ሲከፈት ለመጀመሪያው ሹፌር እሰጠዋለሁ። ወሬ ቀድሞኝ ሳይደርስሽ አልቀረም። ወሬ ናዳ አያግደውም። ስለዚህ እንደሆነው እነግርሻለሁ፤ ልጅሽም ሁሉንም ጻፊላት ብላኛለች።

አዎ፣ ኡልጃን በሳንቃ ትወርዳለች። ካቻምና አንዲት ፈረንሳዊት እንግዳ ስትሄድ ሳንቃዋን ትታላት ሄደች። ልጅሽ መጀመሪያ ከጓሮው ጉብታ ላይ ወደቀች፣ ከዚያ ከመቃብሩ ኮረብታ ወደቀች፣ ከዚያ መውደቅ ተወች። ዘንድሮ ከሳማት ጋር እንግዳ ትመራለች፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሴቶቹ እሷን ነው የሚፈልጓት። እናቴ ትደነግጣለች፣ ራሴ ነኝ የምነግራት እያለች አዘገየችኝ፤ እኔም አብሬያት ዘገየሁ። ስለ ጥጃዋ ስጽፍልሽ ልጅሽ ተራራ ላይ ነበረች።

ያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ የጠራ ነበር። እንግዶቹ ሁለት የስሎቬኒያ ሴቶችና አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ከቀትር በኋላ ግን ጉም ድንገት ወረደ። ሳማት ከማዕድኑ አሮጌ ምሰሶዎች በታች፣ በጥዱ ደን በኩል አሳልፎ እንግዶቹን ግርጌ አደረሳቸው። ኡልጃን የመጨረሻዋ ናት፣ አሁን ትመጣለች ብሎ ቆመ።

እኔ ወጥ ቤት ሊጥ አሻለሁ። ሬዲዮው እሽ ብሎ ተከፈተና ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ። ቃል የለም። ካሲም መስሎኝ "ተነስ ከላዩ" አልኩት። "ኧረ ቆሜያለሁ፣ በእጄ ነው የያዝኩት" አለኝ። ደግሞ ሲከፈት ትንፋሽ ሰማሁ። አፉን በጨርቅ እንደታፈነ ሰው ትንፋሽ ነበር።

ሊጥ በያዘ እጄ ሬዲዮውን አነሳሁት። "ኡልጃን፣ አንቺ ከሆንሽ ሁለቴ ተጫኚው" አልኩ።

ሁለቴ እሽ፣ እሽ አለ።

ነገሩን አሁን ሁላችንም አውቀነዋል፤ ያን ሰዓት ግን የሚያውቀው የለም። ትልቅ ጥድ ሥር ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚያግድ ባዶ ጉድጓድ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። ልጅሽ በጉሙ ውስጥ እዚያ ገባች፤ በራሷ ተዘቅዝቃ። ሳንቃዋ ከላይ ቅርንጫፍ ይዞት እግሯ እላይ ቀረ፣ በረዶው ከጎን ከጎን እየፈሰሰ ሞላባት። አፏ ውስጥ ገባ። አንድ እጇ ከሥሯ ተጣጥፎ ቀረ፤ ሌላው እጇ ግን ደረቷ ላይ ነበር። ማይክሮፎኑ ላይ።

ከዚያ ቁልፉን ይዛው ቀረች። ፈርታ ነው። እንደሰመጠ ሰው ያገኘችውን ጨበጠች። ትንፋሿ ብቻ ወጥ ቤቴን ሞላው፤ እየፈጠነ ሄደ። እኔ ብናገር አልደርሳት፣ ሳማት ቢናገር አይሰማ። ያ የካሲም ዕለት ያሳቀን ነገር አሁን ሊገድለን ነው። መስኮቱ ላይ ቆሜ የማየው ነጭ ብቻ ነው፤ ተራራው የለም፣ ደኑ የለም።

ጣቷ ደክሞት መሰለኝ ለቀቀች። ወዲያው ገባሁ። "ልጄ፣ ስትይዢው አልደርስሽም። ቁልፉን ልቀቂና ስሚኝ። እኔ እናገራለሁ። አንቺ ስጠይቅሽ ብቻ ትጫኛለሽ። አዎ ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። ገባሽ?"

አንዴ ተጫነች።

ናዳ ነው ወይ ስላት አይደለም አለች። ጥድ ሥር ነሽ ስላት አዎ አለች። ከመጨረሻው ምሰሶ በላይ ነሽ ስላት አይደለም አለች። በወንዙ በኩል ስላት አዎ አለች። ሳማት ሁሉን እየሰማ መውጣት ጀምሯል፤ ከስሎቬኒያዎቹ አንዷ፣ አጭሯና ጠንካራዋ፣ አካፋ ይዛ ተከተለችው። ሌሎቹን ካሲም መኪና ውስጥ አስገባቸው። ቁልቁል ሲወርዱት ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ የሚያልቅ መንገድ፣ ሽቅብ ሲወጡት በረዶው እስከ ወገብ ነው። የልጄ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እሰማለሁ፤ እንዳልቆጣው የሚሮጠውን ያህል ይሮጣል።

ሳማት ፊሽካ አለው። ፊሽካውን ትሰሚያለሽ ወይ አልኳት። አይደለም አለች። ወደ ግራ ሂድ አልኩት። አሁንስ? አይደለም። ትንሽ ቆይቼ አሁንስ? አንዴ ተጫነች። ከዚያ ትንሽ እየቆየን፣ በረታ ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ዓይናችንን ታስረን የምንጫወተው የልጅነት ጨዋታ ይመስል ነበር፤ የታሰርነው ግን ሁላችንም ነን።

በየመሃሉ ዝምታው አስፈራኝ። ብቻዋን የሆነች እንዳይመስላት ማውራት አለብኝ፤ ምን እንደማወራ ግን ጠፋኝ። ቁርዓን ልቅራላት ብዬ፣ ለሞት የሚቀራላት ይመስላት ይሆን ብዬ ተውኩት። ስለ ጥጃዋ ጀመርኩ። ጥጃዋ ባልዲ እንደገለበጠች፣ የጎረቤትን ጎመን እንደበላች፣ ያልበላችውንም ጨምሬ አወራሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፣ እለቃለሁ፣ አዳምጣለሁ።

ከዚያ ጠየቅኋት፤ አልመለሰችም። ደግሜ ጠየቅኋት። ምንም የለም። "ኡልጃን፣ ደክሞሽ ከሆነ አትጫኚ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አልኩ። እስካሁን ያልነገርኩሽ ይህን ነው፣ ቺናራ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ልጅቷን አይደለም። ይህን ደብዳቤ ነው። ለአንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ።

ሳማት ገባ። "አፓ፣ እናቴ፣ የሳንቃዋን ጫፍ አየሁት" አለ። ሌላ አልጠየቅሁትም፤ እጁ አካፋ ላይ መሆን አለበት። የስሎቬኒያዋ ልጅ በቋንቋዋ ስትጮህ አንዴ ተሰማ፣ ተዘጋ።

ቀጥሎ የተከፈተው የልጅሽ ነበር። ሳለች፣ ተፋች፣ ጉሮሮዋ እንደ መጋዝ ሆኖ፣ "አክስቴ፣ ጥጃዋን ተይልኝ፣ ሰለቸችኝ" አለች።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ካሲም በሬዲዮው ውስጥ ያለ አንዳች ኀፍረት ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ ቁልፉን መልቀቅ እንደገና ረስቷል።

የእጇ አንጓ ተጠማዟል እንጂ አልተሰበረም። ትኩስ ወተት ጠጣች፣ የእኔን አልጋ ወሰደች፣ እስከ ቀትር ተኛች። በማግስቱ ነው ናዳው መንገዱን የዘጋው፤ ማንንም አልነካም። ሁለቱ ወሬ አንድ ላይ ተቋጥሮ ከደረሰሽ እንዲህ ነው፣ ልጅሽ ናዳ ውስጥ አልነበረችም።

ጓንቱ እጇ ላይ ልክ ነበር። ይህን እንድነግርሽ ፈለግሁ።

ሳይራ


ኖቮሲቢርስክ፣ ማርች 5 ቀን 2012

ለተከበሩት ለሳይራ ኤጄ፣

አፍዎ ክፉ አያውራ፤ እጅዎ ክፉ አይጻፍ። የመጀመሪያዋን መስመር ሱቁ በር ላይ ቆሜ አነበብኩና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሌላውን ለማንበብ አቅም ያገኘሁት በማግስቱ ነው። እስከዚያ ያቺ አንዲት መስመር በቃችኝ።

ጉጉት መሰለች ብለው የጻፉልኝ ዕለት አውቄያለሁ፣ ኤጄ። ላም ስታልብ የዋለች ልጅ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ አይቀርም። ያን መነጽር እኔ በየቀኑ ነው የምሸጠው። ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። ብናገር መውጣቷን አትተውም፤ እርስዎ ግን መጻፍ ይተዋሉ፣ እሷም የባሰ ትደብቃለች። ስለዚህ ዝም ብዬ ያገኘሁትን ጥሩ ሬዲዮ መረጥኩ።

ተቆጥቻለሁ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ቤት ውስጥ እንዳለን እየተጻጻፍን፣ እርስዎ ለእኔ ሲራሩ፣ እኔ ለእርስዎ ሳስመስል፣ ልጄ በመካከላችን ጉድጓድ ገባች። ግን ደግሞ በወጥ ቤት መስኮት ሆነው ልጄን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ቁጣውንና ምስጋናውን በአንድ ደብዳቤ መጻፍ ስላልቻልኩ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ። ለኖውሩዝ፣ ለጸደዩ በዓል፣ እደርሳለሁ። ለኡልጃን አይንገሯት።

ቺናራ


ኖቮሲቢርስክ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2012

ለውድ እህቴ ለሳይራ ኤጄ፣

በደህና ገብቻለሁ። ለእንግዶች ያልታረደውን በግ ለእኔ አርደዋልና ቤትዎ በበግ ይሙላ። የካሲም አማት የሰጡኝን የደረቀ አይብ ድንበር ላይ አልወሰዱብኝም፤ ይንገሩልኝ።

ለበዓሉ መጥቼ ከልጄ ጋር ተራራው ላይ የወጣሁ ዕለት ከሆነው እርስዎ ከወጥ ቤት ሆነው የሰሙት ግማሹን ነው። ቀሪውን በአፌ ልነግርዎ አስቤ ሰው በዝቶ አልተመቸኝም።

ካሲም ጫፉ ላይ ሲያወርደን የምናገረውን ሁሉ ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። ከኖቮሲቢርስክ እስከ ካራኮል ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ልጄ ግን ጊዜ አልሰጠችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች። እኔ በሻንጣዬ ለእንግዶቹ ያመጣኋቸውን ሬዲዮዎች አንድ በአንድ እያስከፈተች ድምፃቸውን ሰማች። አንደኛው ጀርባ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት ስታገኝ አስወጥታ ደረቱ ላይ አሰረችለት። የሚበልጣትን ሰው እንደ ልጅ እየተቆጣች። እኔ ቆሜ አየኋት። ትቻት ስሄድ ካልሲዋን አጣምራ መልበስ የማትችል ልጅ ነበረች።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ በረዶው ላይ ተቀመጠች። "አፓ፣ ያቺ የዳቦ ቤት ሴትዮ አሁንም ትጠብቀኛለች?" አለችኝ።

"ትጠብቅሻለች።"

"እንዳትጠብቀኝ ንገሪያት።"

አትፈሪም ወይ አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ እፈራለሁ አለች። ዛፎቹ መካከል ብቻዋን እንደማትወርድ፣ ጉም ሲመጣ ሳማትን አቁም እንደምትለው፣ በበጋ ካራኮል ሄዳ የነፍስ አድን ትምህርት እንደምትማር ነገረችኝ። ነርስነቱም ከዚያ ጋር ይሄዳል አለች፤ ይህን ያለችው ለእኔ ደስታ ይሁን ከልቧ አላውቅም። ከዚያ ዞር ብላ "አንቺስ እዚያ ብቻሽን አትፈሪም?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ አላዘጋጀሁትም ነበር። እፈራለሁ አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ለእርስዎም።

አንዱን ሬዲዮ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ወረደች። አንድ ጊዜ ታጥፋ ሄደች፣ ሁለተኛ ታጥፋ ሄደች፣ ጥዱ ዋጣት። ከዚያ ምንም የለም። ካሲም ሊያጽናናኝ ብሎ ሊያወራኝ ጀመረ፤ ዝም እንዲል በእጄ ነገርኩት። የዚያን ዕለት እርስዎ መስኮቱ ላይ ምን እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ድምፅዋ በሬዲዮው መጣ። "አፓ፣ ደርሻለሁ። ሁላችንም አለን። ትሰሚኛለሽ?"

ሬዲዮ የምሸጥ ሰው ነኝ። ለስንት ሰው እንዴት እንደሚሠራ አሳይቻለሁ። ቁልፉን መጫን ጠፍቶኝ ወደ ሸለቆው ቁልቁል "እሰማሻለሁ" እያልኩ ጮህኩ። ካሲም ነው እጄን ይዞ የተጫነልኝ። እርስዎ ወጥ ቤት ሆነው የሰሙት "ሻለሁ" የምትለዋን የመጨረሻዋን ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም፤ ስመለስ የሳቁብኝም ለዚያ ነው።

ለዳቦ ቤቷ ሴት ቦታውን ለሌላ እንድትሰጥ ነግሬያታለሁ። እኔም እዚህ የምቆየው እስከ መከር ነው። ከዚያ እመጣለሁ፤ ወጥ ቤትዎ ለሁለት ሴት ይበቃ እንደሆነ ያስቡበት። ማን ሾርባ እንደሚጥድ፣ ማን መስኮቱ ሥር እንደሚቀመጥ እዚያው እንጣላለን።

ከካራኮል ስነሳ ኡልጃን አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኛለች። አላለቀስንም። ባለፉት ዓመታት በዚያ መንገድ ስሄድ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተክዬ ነበር የምሄደው፤ ከተኛሁ የተውኩት ነገር ሁሉ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገና ሐይቁን ሳናልፍ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የድንበሩ ወታደር ነው። ፓስፖርት ብሎ ትከሻዬን ነካኝ፤ ፊቴን አይቶም፣ "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ጥሩ እንቅልፍ ነበር" አለኝ።

ታናሽ እህትዎ
ቺናራ